አንድ ድስት ቁሌት፣ አሥራ አምስት ካሪ

ለንደን በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ምሥራቅ ለንደን ውስጥ አንድ የቤንጋሊዎች ምግብ ቤት ጓዳ ሳህን አጥብ ነበር። በሁለተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ሼፉ ግማሽ ጆንያ ሽንኩርት በትልልቁ ቆራርጦ ወገቤ ድረስ የሚደርስ ድስት ውስጥ ከተተው። ውኃ ሞላበትና ጣደው። እጄ ላይ አረፋ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ። ሽንኩርት ይቀቀላል እንዴ? እናቴ ብታየው ድስቱን ታወርድበት ነበር። እኛ ቤት ሽንኩርት በደረቁ ተቁላልቶ፣ ውኃው መጥጦ ካለቀ በኋላ ነው ዘይት የሚያየው።

ማታ ትእዛዝ ሲጎርፍ ነገሩ ገባኝ። ኮርማ የሚባለው ካሪ (የሕንዶች ቅመም የበዛበት መረቃም ምግብ) ሲታዘዝ ከዚያ ድስት ይጨለፋል። ማድራስ ሲታዘዝ ከዚያው። ጃልፍሬዚም ቡናም ከዚያው። (ቡና እዚህ የካሪ ስም ነው፤ ጀበና አያስፈልገውም።) ሜኑው ላይ ሰማንያ ዓይነት ምግብ ተደርድሯል፤ ምድጃው ጋ የቆሙት ሁለት ሰዎች ናቸው። እያንዳንዱ ካሪ ከመጥበሻ የሚወጣው በአምስት፣ በስድስት ደቂቃ ነው። ሼፉን ሁላችንም “ባይ” ነበር የምንለው፤ ወንድሜ እንደማለት ነው። ባይ ያንን ቢጫ መረቅ “ግሬቪ” ይለዋል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ቁሌት ነው የምለው። ሥራው ያው ነዋ።

ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። እኛ ሽንኩርቱን መጀመሪያ እናቁላላለን፣ ከዚያ ወጡን ቀስ ብለን እናበስላለን። እነሱ መጀመሪያ ቀስ ብለው ይቀቅሉታል፣ መጨረሻ ላይ በኃይለኛ እሳት ያቁላሉታል። ይህ እስኪገባኝ ድረስ አንድ ዓመት ሙሉ ወጥ እየሠራሁ ካሪ ነው እያልኩ ስበላ ከርሜያለሁ። ቅመሙን ከየሱቁ ሰብስቤአለሁ፤ የቴክአዌዩ፣ ማለትም ከካሪ ቤት ተገዝቶ ወደ ቤት የሚወሰደው ምግብ፣ ጣዕም ግን ወይ ፍንክች።

አሁን በወር አንዴ፣ እሁድ ከሰዓት፣ አንድ ድስት ቁሌት እሠራለሁ። አንድ ድስት አሥራ አምስት ካሪ ይወጣዋል። ከሥራ ደክሞኝ ስገባ አንዱን ከፍሪዘር አወጣለሁ፤ ሩዙ እስኪበስል ካሪው ይደርሳል።

የሚያስፈልገው

8 ሊትር የሚይዝ ድስት ካላችሁ ይህ መጠን ይበቃዋል። ከሌላችሁ ሁሉንም በግማሽ ቀንሱት።

ቀይ ሽንኩርት፦ 2 ኪሎ፣ ከተላጠ በኋላ
ካሮት፦ 1 ትልቅ
አረንጓዴ የፈረንጅ ቃሪያ፦ 1
ጥቅል ጎመን፦ አንድ እፍኝ
ነጭ ሽንኩርት፦ 12 ፍሬ ያህል
ዝንጅብል፦ 50 ግራም
የታሸገ ቲማቲም፦ 1 ጣሳ (400 ግራም)፣ ወይም በደንብ የበሰለ 4 ትልልቅ ቲማቲም
ዘይት፦ 200 ሚሊ ሊትር፣ ሽታ የሌለው
ጨው፦ 1 የሾርባ ማንኪያ
እርድ፣ ከሙን፣ ድንብላል፣ ፓፕሪካ፦ የተፈጨ፣ እያንዳንዱ 1 የሾርባ ማንኪያ
ጋራም ማሳላ (የሕንዶች የተፈጨ ቅመም ድብልቅ)፦ 1 የሻይ ማንኪያ
ውኃ፦ 2 ሊትር፣ በኋላ ለማቅጠኛ ሌላ ግማሽ ሊትር

ሽንኩርቱ ላይ አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ “ቀይ ሽንኩርት” ስንል ሁሉንም ነው፤ እንግሊዝ አገር ግን የተለመደው ቡናማ ልጣጭ ያለው፣ ውስጡ ነጣ ያለው ትልቁ ነው። ካሪ ቤቶች የሚጠቀሙት እሱን ነው፤ ሲቀቀል ይጣፍጣል። አዲስ አበባ ላላችሁ የእኛዋ ትንሿ ቀይ ሽንኩርትም ትሠራለች። ኃይለኛ ስለሆነች ግን ቀቀላውን ሃያ ደቂቃ አርዝሙት፤ መልኩም ትንሽ ጠቆር ይላል። አትደንግጡ።

ከሙን እና ነጭ አዝሙድ አይምታቱባችሁ። ብዙ ሰው ቅመም ሻጭ ጋ ሄዶ አንዱን ሲጠይቅ ሌላው ይሰጠዋል። ከሙን ረዘም ቀጠን ያለች፣ ቡናማ ፍሬ ናት። ነጭ አዝሙድ ከእሷ ያነሰችና ክብ ያለች ናት፤ ካሪ ውስጥ ከገባች ጣዕሙን ወደ ጦስኝ ትወስደዋለች።

በርበሬ የሚባል ነገር ደግሞ አይግባ። ቀይ መልክ ፈልገን እጃችን ወደ በርበሬው ቆርቆሮ እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ የእኔም ሄዷል። የእኛ በርበሬ ግን ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ በሶብላው ሁሉ አብሮት ተፈጭቷል። አንድ ማንኪያ ካስገባችሁ በቃ፣ ወጥ ሆነ። ፓፕሪካ የሚገባው ለመልኩ ነው፤ አያቃጥልም።

ቀቀላው

ሽንኩርቱን በትልልቁ ቆራርጡ። መክተፍ አያስፈልግም፤ በኋላ ይፈጫል። ካሮቱን፣ የፈረንጅ ቃሪያውን፣ ጥቅል ጎመኑን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ጨምሩ። ጨዉንና ከዘይቱ ግማሹን አድርጉ። 2 ሊትር ውኃ አፍስሱበትና በኃይለኛ እሳት አፍሉት። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ከውኃው በላይ ተቆልሎ ይታያል፤ ውኃ አትጨምሩ፣ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይሰምጣል። ሲፈላ እሳቱን ቀንሱ፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጉና 45 ደቂቃ ተዉት።

መጀመሪያ የሚወጣው ሽታ ደስ አይልም። እውነቱን ለመናገር የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ይሸታል። ወደ ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ግን ይለወጣል፤ ያ ዓይን የሚያስለቅሰው ነገር ጠፍቶ ጣፋጭ ይሆናል። አንድ ቁራጭ ሽንኩርት አውጥታችሁ በጣታችሁ ጫኑት። ተንሸራትቶ ከፈረሰ ደርሷል። ኩርምት ኩርምት የሚል ነገር ካለው ገና ነው። እዚህ ላይ ብትቸኩሉ ካሪያችሁ ሁሉ ጥሬ ሽንኩርት ጥሬ ሽንኩርት ይላል፤ በኋላ የሚመልሰው ቅመም የለም።

ሽንኩርቱ እስኪበስል ትንሽ ወሬ

ይህ አሠራር የእንግሊዝ አገር ካሪ ቤቶች ነው እንጂ የሕንድ እናቶች የቤት አበሳሰል አይደለም። ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን የሕንድ ምግብ ቤት ዲን መሐመድ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1810 ጆርጅ ጎዳና አካባቢ ከፍቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከሰረ። ሥራው በመላ አገሪቱ የተስፋፋው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ያስፋፉት ደግሞ በአብዛኛው ዛሬ ባንግላዴሽ ከምንለው አገር፣ ከሲልሄት አካባቢ የመጡ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ መርከብ ላይ ሲሠሩ ቆይተው እንግሊዝ ወደብ ላይ የቀሩ ነበሩ። በራፉ ላይ “የሕንድ ምግብ” ተብሎ ቢጻፍም ጓዳው የሚያወራው ሲልሄትኛ ነው። የለንደኑ ብሪክ ሌን መንገድ የታወቀው በእነሱ ነው።

እስከ ሌሊት ድረስ ክፍት መሆን ነበረባቸው። ደንበኛው ተርቦ ይመጣል፣ አይጠብቅም፤ ሼፎቹ ጥቂት ናቸው። ቁሌቱን ጠዋት ሠርቶ ማታ መጥበሻ ላይ መለያየት የመጣው ከዚህ ችግር ነው። ጥሩ መላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ሮቢን ኩክ ቺክን ቲካ ማሳላ የተባለውን የዶሮ ካሪ እውነተኛ የብሪታንያ ብሔራዊ ምግብ ብሎት አረፈ።

አሁን ወደ ድስቱ።

መፍጨትና ማቅጠን

የቀረውን ዘይት ትንሽ መጥበሻ ላይ አሙቁ። እሳቱን ቀንሱና እርዱን፣ ከሙኑን፣ ድንብላሉን፣ ፓፕሪካውንና ጋራም ማሳላውን አንድ ላይ ጨምራችሁ ግማሽ ደቂቃ አማስሉ። ሽታው ብድግ ሲል ወዲያው ድስቱ ውስጥ ገልብጡት። ቲማቲሙንም ጨምሩ። ሌላ 20 ደቂቃ ይብሰል።

ከዚያ አውርዱና አቀዝቅዙት። ይህን በጣም አደራ እላለሁ። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ትኩሱን ብሌንደር ውስጥ እስከ አፉ ሞልቼ ቁልፉን ተጫንኩት። እንፋሎቱ ክዳኑን አስፈንጥሮት ቁሌቱ ኮርኒስ ላይ ተለጠፈ። እርድ ነጭ ቀለም ላይ ካረፈ አይለቅም። ቤቱን ስለቅ ከማስያዣዬ ላይ የቀለም ተቆርጦብኛል፤ የሚገባኝ ነበር። የእጅ ብሌንደር ካላችሁ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ፍጩት። የምታፈሱበት ብሌንደር ከሆነ ለብ ሲል፣ ግማሽ ብቻ እየሞላችሁ፣ ክዳኑን በፎጣ ይዛችሁ።

ምንም ጓል እንዳይቀር አድርጋችሁ ፍጩ። ከምታስቡት በላይ ሁለት ደቂቃ ጨምሩበት። ከዚያ ግማሽ ሊትር ያህል የፈላ ውኃ እየጨመራችሁ አቅጥኑት። ቀጠን ያለ አጥሚት ማለት ነው፤ ከጭልፋው ሳይንጠባጠብ ሸርተት ብሎ የሚወርድ። ወፍራም ቢሆን ይሻላል ብላችሁ አታስቡ። ወፍራሙ መጥበሻ ላይ ሳይበስል ያራል። ቀጭኑ ግን እዚያው እየፈላ፣ እየተነነ፣ እየጠበበ ሲሄድ ነው ጣዕሙ የሚጠራቀመው።

መልሳችሁ ጣዱትና በቀስታ 20 ደቂቃ ያንተክትክ። ዘይቱ ከላይ በብርቱካናማ ነጠብጣብ ሲንሳፈፍ ቁሌቱ አለቀ። ቅመሱት። ለስለስ ያለ፣ ጣፈጥ ያለ፣ ግን ምንም የማይረባ ሾርባ ነው። እንደዚያ ነው መሆን ያለበት! “ምን ጎደለው?” ብላችሁ ቅመም ልትጨምሩበት እጃችሁን ይበላችኋል። ተዉት። የዛሬው ኮርማ የነገው ቪንዳሉ የሚሆነው ቁሌቱ ራሱ ገለልተኛ ሲሆን ነው።

የሥራው ቅመም

መጥበሻው ላይ ሰባት ቆርቆሮ ለመክፈት ጊዜ የለም። ስለዚህ ቅመሙ አስቀድሞ ይደባለቃል። 5 ማንኪያ የተዘጋጀ ካሪ ፓውደር፣ 4 ድንብላል፣ 4 ፓፕሪካ፣ 3 ከሙን፣ 3 እርድ፣ 1 ጋራም ማሳላ። የትኛውም ማንኪያ ይሁን፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ። በደንብ የሚከደን ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት። ለአንድ ካሪ 2 የሻይ ማንኪያ ይበቃል።

ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እኩል በእኩል አድርጋችሁ በትንሽ ዘይት ፍጩና ፍሪጅ አስገቡ። የቲማቲም ድልህ አንዱን ማንኪያ በሦስት ማንኪያ ውኃ በጥብጡ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር፦ የደረቀ የአብሽ ቅጠል። ሕንዶቹ ሱቅ “ካሱሪ ሜቲ” ተብሎ በካርቶን ይሸጣል። እኛ አብሽን በፍሬው ነው የምናውቀው፤ ቅጠሉን የሚያደርቅ እኛ አገር አላየሁም። ያ የቴክአዌይ ከረጢት ስትከፍቱ ፊታችሁን የሚመታው ሽታ፣ ምን እንደሆነ የማታውቁት፣ ግማሹ እሱ ነው። በመዳፋችሁ መሐል ፈትጋችሁ ነው የምትበትኑት። የአብሽ ፍሬ ዱቄት አይተካውም፣ ይመራል። ቅጠሉ ካልተገኘ ያለሱ ሥሩት፤ አንድ ነገር እንደጎደለ ግን ይታወቃችኋል።

ዶሮው፣ ወይም የጾሙ

አጥንት የሌለው ዶሮ አንድ ኪሎ በጉርሻ በጉርሻ ቁረጡ። 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ማንኪያ የነጭ ሽንኩርቱ ድብልቅ፣ አንድ ማንኪያ የሥራ ቅመም፣ ትንሽ ጨው፤ ትንሽ ይጠበስ። ሁለት ጭልፋ ቁሌት ጨምሩና ከድናችሁ 12 እስከ 15 ደቂቃ አብስሉት። ትልቁን ቁራጭ ከፍታችሁ እዩ፤ መሐሉ ላይ ሮዝ ነገር ካለ ገና ነው። የወጣውን መረቅ አትድፉ፤ ወደ ካሪው ይገባል።

ቁሌቱ ራሱ ከአትክልትና ከዘይት ሌላ ምንም የለውም። ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ እንዲሁ ይሠራል። የተቀቀለ ሽምብራ፣ ድንች፣ አበባ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሁሉም ይሆናል። እኔ የሁዳዴን ሁለት ወር ገደማ የተሻገርኩት በሽምብራ ካሪ ነው። ሽሮ እንኳ ተቀይሞኝ ነበር።

መጥበሻው ላይ

እዚህ ነው ካሪው ካሪ የሚሆነው። ከመጀመራችሁ በፊት ሁሉም ነገር እጃችሁ ሥር ይሁን፤ አንዴ ከተጀመረ ጨው ፍለጋ የለም።

ሳስፋ ያለ የአልሙኒየም መጥበሻ፣ ስፋቱ 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ቢሆን ጥሩ ነው። የማይጣበቀው ዓይነት አይመችም፤ ትንሽ መያዝ አለበት። ለአንድ ካሪ 300 ሚሊ ሊትር ቁሌት በሌላ ትንሽ ድስት አፍልታችሁ ጎን አስቀምጡ። ቀዝቃዛ ቁሌት መጥበሻውን ያበርደዋል፣ ከዚያ ማቁላላቱ ቀርቶ መቀቀል ይሆናል። አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ ምድጃ ለምትሠሩ ይህ እጥፍ ነው፤ ምድጃው እስኪቀላ ጠብቁ፣ መጥበሻውም ባዶውን ትንሽ ይሙቅ።

3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አሙቁ። የነጭ ሽንኩርቱን ድብልቅ 1 የሻይ ማንኪያ ጣል አድርጉ። ቸስ ብሎ ይንጣጣል። መንጣጣቱ ቀዝቀዝ ሲል፣ ግማሽ ደቂቃ ገደማ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጉና 2 የሻይ ማንኪያ የሥራ ቅመም፣ ቆንጠር ጨው፣ አንድ ቆንጥር የአብሽ ቅጠል ጨምሩ። ያለማቋረጥ አማስሉ። ቅመሙ ዘይቱን ጠጥቶ ደረቅ ካለ አንድ ማንኪያ ቁሌት ጠብ አድርጉበት። ጥቁር ጢስ ካያችሁ ግን ድፉትና እንደገና ጀምሩ። ያረረ ቅመም በስኳር አይሸፈንም።

የተበጠበጠው ድልህ 3 የሾርባ ማንኪያ ይግባ። እሳቱን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ዘይቱ በጠርዝ በኩል ሲለይ የመጀመሪያውን ጭልፋ ቁሌት፣ 75 ሚሊ ሊትር ያህል፣ አፍስሱ። ይጮኻል። መጥበሻውን ነቅንቃችሁ አዳርሱትና እጃችሁን ሰብስቡ። አታማስሉ!

ለእኛ ይህ ከሁሉ ይከብዳል። ማማሰያ ይዘን ያደግን ሰዎች ነን፤ ድስት ላይ ቆመን ዝም ማለት አንችልም። ባይ እጄን ይመታኝ ነበር። ሠላሳ ሰከንድ ብቻ ተመልከቱት። መጀመሪያ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ከዚያ አረፋው ይተልቃል፣ መሐሉ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሠራል፣ በየጉድጓዱ ዘይት ብልጭ ይላል። ጠርዙ ላይ ቡናማ ቅርፊት ይይዛል። ያን ጊዜ በማንኪያ ጠርዙንና ሥሩን ፍቃችሁ ወደ መሐል መልሱት። ያ የተፋቀው ቡናማ ነገር ነው ጣዕሙ። ከድስቱ ቀቀላ ያልመጣው፣ ከቅመሙ ያልመጣው፣ እዚህ መጣ።

ሁለተኛውን ጭልፋ ጨምሩ፣ ያንኑ ድገሙ። አሁን ዶሮው ወይም ሽምብራው ይግባ። የቀረውን ቁሌት ሁሉ አፍስሱና 4 እስከ 5 ደቂቃ በኃይለኛ እሳት ይፍላ። አንዴ ሁለቴ ብቻ ሥሩን ፋቁ። ዘይቱ ከላይ ወጥቶ መረቁ ማንኪያው ጀርባ ላይ ሲቀር ደርሷል። ጨው ቅመሱ። እፍኝ የማትሞላ የድንብላል ቅጠል በትኑና አውርዱት።

አንድ መጥበሻ፣ አንድ ካሪ። ለስድስት እንግዳ ብላችሁ አንድ ላይ አትሥሩት። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው፤ መጥበሻው ሲሞላ እሳቱ ያንስበታል፣ ጠርዝ የሚባል ነገር አይኖርም፣ የሚፋቅም የለም። ሦስት ጊዜ ደጋግሞ መሥራት ይሻላል። ደግሞም ሦስቱ ሦስት ዓይነት ይሁን፣ ምን ቸገራችሁ?

ስሙን የሚለውጡት ነገሮች

ከላይ ያለው መካከለኛ ካሪ ነው፣ ስም የለውም። ስም የሚያወጣለት በየመሐሉ የምትጨምሩት ነው።

ማድራስ ማለት ከቅመሙ ጋር 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀይ ቃሪያ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ነው። ሚጥሚጣ ብቻ ካላችሁ ሩብ ማንኪያ ይበቃል፤ ኮረሪማዋ ትንሽ ትሰማለች፣ እኔ ግን አልጠላሁትም። ሎሚውን አትርሱ፤ ማድራስ ያለ ሎሚ ማቃጠል ብቻ ነው።

ቪንዳሉ ላይ ቃሪያው እጥፍ ይሆናል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ይጨመራል፣ የተቀቀለ ድንችም ይገባል። ድንቹ የገባበት ምክንያት ያስቃል። ስሙ የመጣው ፖርቱጋሎች ሕንድ ውስጥ ወዳለችው ጎዋ ይዘውት ከሄዱት፣ በወይንና በነጭ ሽንኩርት ከሚዘፈዘፍ ሥጋ ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው “አሉ” የፖርቱጋሎቹ ነጭ ሽንኩርት ናት። በሂንዲ ግን “አሉ” ድንች ነው። ካሪ ቤቶቹም ስሙ እንዳይዋሽ ድንች ጨመሩበት።

ዶፒያዛ ሲባል ፒያሳ ትዝ አይበላችሁ። “ዶ” ሁለት፣ “ፒያዛ” ሽንኩርት ነው። አንዱ ሽንኩርት ቁሌቱ ውስጥ አለ፤ ሁለተኛውን በወፍራሙ ቆርጣችሁ ለብቻው ጥበሱና መጨረሻ ላይ ጨምሩት። ቡናም ለዚህ ይቀርባል፤ ቁሌቱን ወደ 200 ሚሊ ሊትር አሳንሳችሁ ጥብቅ እስኪል አድርቁት።

ጃልፍሬዚ የእኔ ነው። ከሁሉ በፊት ሽንኩርት፣ የፈረንጅ ቃሪያና ሦስት ለሁለት የተሰነጠቀ ቃሪያ በኃይለኛ እሳት ጠርዛቸው እስኪጠቁር አገላብጡ፣ አውጧቸው። ካሪውን ሠርታችሁ በመጨረሻው ደቂቃ መልሷቸው። ቃሪያው ኩርሽም ማለት አለበት። ከእንጀራ ጋርም ይሄዳል፤ ሞክሩት እንጂ ለቤንጋሊዎቹ አትንገሩ።

ዳንሳክ የፓርሲዎች፣ ማለትም ከፋርስ መጥተው ሕንድ የሰፈሩ ሕዝቦች፣ ምግብ ዘር አለው። ቀቅላችሁ ያላማችሁትን የምስር ክክ አንድ ጭልፋ፣ ሎሚ፣ ትንሽ ስኳር፣ ትንሽ ቃሪያ። ምስር ወጥ ለሚወድ ሰው ከዚህ መጀመር ነው።

ኮርማ ብቻ ከሕጉ ይወጣል። ድልህ የለም፣ ቃሪያ የለም፣ ኃይለኛ እሳትም የለም። ቁሌቱን ለስለስ ባለ እሳት አፍልታችሁ 3 የሾርባ ማንኪያ የኮኮናት ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ለውዝ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምሩ። ክሬሙን ከእሳት ሊወርድ ሲል ነው የምታፈሱት፤ በኃይለኛ እሳት ከገባ ይቆራረጣል። ልጆች ይወዱታል። እኔ ጣፋጭ ምግብ ከሻይ ጋር ካልሆነ አይገባኝም።

ፍሪዘሩ

የዛሬውን ካሪ በላችሁ፤ ድስቱ ውስጥ ገና አሥራ አራት ቀርቷል። እንደሞቀ ትልቅ ድስት ሙሉ ፍሪጅ አታስገቡ። ጠፍጣፋ ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ገልብጡት ወይም ድስቱን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አቁሙት፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀዝቅዞ መግባት አለበት። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ ሦስት ወር ይቆያል። ዶሮውንም ለየብቻው በየአንዳንዱ ካሪ ልክ ማቀዝቀዝ ይቻላል። ሩዝ ከተረፈ ግን ውጭ አታሳድሩት፤ ሰው የሚታመመው በእሱ ነው።

ለዕቃው ራሱ የቴክአዌዩ ፕላስቲክ አለላችሁ፤ አጥባችሁ ያስቀመጣችሁት ክምር እንዳለ አውቃለሁ። አንዱ ወደ 300 ሚሊ ሊትር ሲሞላ ለአንድ ካሪ ነው፤ ሲበርድ ስለሚያብጥ አፉ ላይ ጣት የሚያክል ቦታ ተዉ። ስታወጡት በደንብ እስኪፈላ አሙቁት። ለይቶ ውኃ ቢቋጥር አትጨነቁ፣ ሲሞቅ ይመለሳል።

ክዳኑ ላይ ደግሞ ጻፉበት። በአንድ የፋሲካ ዋዜማ ከሦስት ወር በፊት ያቁላላሁትን የዶሮ ወጥ ቁሌት ላወጣ ፍሪዘሩን ከፈትኩ። ሐበሻ ፍሪዘር ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ፤ የአይስክሬም ዕቃ ሲከፈት አይስክሬም የሚወጣው የት ነው? በረዶ የያዘ ሁለት የአይስክሬም ዕቃ አወጣሁ፣ ድስት ውስጥ ጨመርኩ፣ በርበሬ ነሰነስኩበት፣ ሽንኩርቱ ለምን ቀጠነ እያልኩ ሌላ በርበሬ ደገምኩ። አሥራ ሁለቱ የዶሮ ብልት ከገባ በኋላ ነው ካሮት የሸተተኝ። እንግዶቹ በጨዋነት በሉ። አክስቴ ብቻ ጉርሻዋን ይዛ ቆይታ፣ “ልጄ፣ ይሄ ዶሮ የማን አገር ነው?” አለችኝ።

አሁን በማርከር፣ በትልልቁ፦ “ካሪ፣ 300፣ መጋቢት”።